የኃይል የበላይነትና ወሰኑ፦ ከባሮ ዳርቻ የተገኘ ልምድ

ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም ከደቡብ ሱዳን የተነሱ የሙርሌ ታጣቂዎች በባሮ ወንዝ የታችኛው ተፋሰስ በሚገኙት የጋምቤላ ክልል ጅካዎና ላሬ ወረዳዎች ላይ ጥቃት አደረሱ። መንግሥት በወቅቱ ይፋ እንዳደረገው 208 ሰዎች ተገድለዋል፤ 108 ሕፃናት ታፍነው ተወስደዋል፤ ከ2 ሺህ በላይ ከብቶችም ተዘርፈዋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሁለት ቀናት ብሔራዊ ሐዘን ያወጀ ሲሆን፣ የመከላከያ ሠራዊትም በደቡብ ሱዳን መንግሥት ፈቃድ ድንበር ተሻግሮ ታጣቂዎቹን መከታተል ጀመረ።

የሁለቱ ወገኖች አቅም ለንጽጽር እንኳ የሚቀርብ አልነበረም። ይሁን እንጂ የዘመቻው ዓላማ ታጣቂን መደምሰስ ብቻ ሳይሆን ሕፃናቱን በሕይወት ማስመለስ ነበር፤ የበላይነቱ ወሰን የታየውም እዚህ ላይ ነው። ሕፃናቱ በአንድ ምሽግ አልተከማቹም፤ በየመንደሩ ተበትነዋል። እንዲህ ያለውን መንደር መክበብ እንጂ በከባድ መሣሪያ መምታት አይቻልም። ተሸንፎ፣ ለሁሉም ትእዛዝ ሰጥቶ፣ ሁሉንም የሚያስረክብ አንድ አዛዥም አልነበረም። ጁባ ብትሆን ፈቃድ ለመስጠት እንጂ በቦማ አካባቢ ትእዛዟን ለማስፈጸም የነበራት አቅም ውስን ነበር። በመሆኑም በግንቦት ወር የመጀመሪያዎቹ 32 ሕፃናት፣ በኋላም ሌሎች በየጊዜው የተመለሱት በአካባቢው ባለሥልጣናትና በጎሳ መሪዎች በኩል በተካሄደ ድርድር ነው። የሠራዊቱ መቃረብ ለድርድሩ ክብደት ሰጥቷል፤ ሊተካው ግን አልቻለም።

አካባቢው ተመሳሳይ ታሪክ ቀድሞም አይቷል። በ1904 ዓ.ም በእንግሊዝ መኮንኖች የሚመራ ጦር የአኙዋን ሕዝብ ትጥቅ ለማስፈታት ከሱዳን ተነስቶ አዶንጋ ድረስ ዘመተ። ውጊያው ሁለት እንግሊዛውያን መኮንኖችንና በርካታ ሱዳናውያን ወታደሮችን አስከፍሎት ተመለሰ፤ ጠመንጃዎቹም በባለቤቶቻቸው እጅ ቀሩ። እንግሊዝ በዚያው ዘመን በ1894ቱ ውል መሠረት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ የነበራት መሆኑ ደግሞ የጉዳዩ ምፀት ነው።

ሁለተኛው ዓላማ፣ ማለትም ጥቃቱ እንዳይደገም ማድረግ፣ ከመጀመሪያው ይልቅ አስቸጋሪ ሆኖ ተገኝቷል። ዓመት ሳይሞላ፣ በመጋቢት 2009 ዓ.ም፣ የሙርሌ ታጣቂዎች በጎግና በጆር ወረዳዎች 28 ሰዎችን ገድለው 43 ሕፃናትን ወሰዱ። ጥቃቶቹ የሚበዙት ወንዞች ጎድለው ረግረጉ በሚደርቅበት ወቅት ነው። ያን ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ከጦር ሰፈር የሚነሳ ብርጌድ ሳይሆን የቀበሌ ሚሊሺያ፣ የወረዳ ፖሊስና ከወንዙ ማዶ ካሉ ሽማግሌዎች ጋር ግንኙነቱን ያላቋረጠ አስተዳዳሪ ነው።