ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን!

የዩኒቨርሲቲ ጥበቃ ኃላፊዎች ለሥራ አመራር ቦርዱ ምን ይነግሩታል? ያው የለመድነውን፦ «ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ነው!»

በሚያዝያ 1993 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ ብለው ጮኹ። ሰሚ ጠፋ፤ ነገሩ ወደ ከተማው ፈሶ ብዙዎች በጥይት ወደቁ። በጥቅምት 2012 ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ። በኅዳር ደግሞ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ታገቱ። መንግሥት ጥር ላይ 21 ታጋቾች ተለቀዋል ቢልም፣ ወላጆች የልጆቻችንን ድምፅ አልሰማንም አሉ።

ዶርም ውስጥ የሚጉረመረመውን ከማንም ቀድሞ የሚሰማው የጥበቃ ኃላፊው ነው። ወሬው ግን ቦርዱ ዘንድ እስኪደርስ በየቢሮው ታጥቦና ተተኩሶ ነጭ ሸሚዝ ሆኖ ይቀርባል።

እኛ የምንለው ቀላል ነው። ኃላፊው በየሩብ ዓመቱ ራሱ ቦርዱ ፊት ይቅረብ። ሥጋቱ ምንድነው? ማንን ያሰጋል? ምን ተደረገ? ቦርዱስ ዛሬ ምን ይወስን? ይህችኑ በአንድ ገጽ፣ ሳያድበሰብስ ያስረዳ። የቦርድ አባላትም መጥፎ ዜና ያመጣውን ሰው «ሽብር ነዢ» ማለቱን ይተዉ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ወላጅ ልጁን የላከው ለዲግሪ እንጂ ለሬሳ ሳጥን አይደለም!