የባልንጀራን መሥመር ስለ ማክበር

እኛ የኮልፌ ቀራንዮ ተማሪዎች የኮምፒዩተር ፕሮግራም በኅብረት ስንጽፍ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 በሠራው በጊት እንጠቀማለን። ለቤተ መጻሕፍት በሚጻፍ ፕሮግራም አንዱ «መጽሐፉ በ7 ቀን ይመለስ»፣ ሌላው በዚያው መሥመር «በ14 ቀን» ቢል ጊት አይፈርድም፤ ሁለቱንም ምልክት አድርጎባቸው ፍርዱን ለሰው ይተዋል። በእኔ አስተያየት ያን ጊዜ የባልንጀራን መሥመር ከመሰረዝ አስቀድሞ ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል።

ሪቤዝም፣ ይኸውም ለውጦቻችንን ከሌሎች አዲስ ሥራ በላይ እንደ ገና መደርደር፣ ለብቻ ሲሠሩ መልካም ነው። አራሚ ማንበብ ከጀመረ በኋላ ግን የታየውንና ያልታየውን ያደባልቅበታል፤ ስለዚህ ያለፈውን ሳይነካ ሁለቱን ሥራ የሚያገናኘው መርጅ ይሻላል። የሥራው ታሪክ ቢያምር፣ አራሚው ካልተከተለው ምን ይረባል? «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚባለው ሁለቱ ሲመካከሩ ነው።