በእጅ ፍሬን መሽከርከር ድሪፍት አይደለም!

ረዘም ይላል። መኪና የማይወድ ይለፈው።

ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ አንድ ዓይነት ምክር በዝቷል። «የመጀመሪያ መኪናህ ቪትዝ ትሁን። ነዳጅ አትበላም፣ ሥራ ታደርስሃለች፣ ማታ ደግሞ ድሪፍት ትለማመድባታለህ» ይላል። ምክሩን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ሻጭ ነው፤ የሚሰማው ደግሞ ትናንት ከኔ ክፍል የወጣ ልጅ ነው። የእናቱን ዕቁብ፣ የራሱን ሁለት ዓመት ቁጠባና ከአጎቱ የተበደረውን ደምሮ «ቲቸር፣ ልግዛት?» ብሎ የሚጽፍልኝ ልጅ። ለአንድ ለአንዱ መመለስ ስለሰለቸኝ እዚሁ በአደባባይ ልናገረው።

ቪትዝ መጥፎ መኪና ናት አላልኩም። ሥራ ለመመላለስ እንደሷ የምትመች ጥቂት ናት። ነገር ግን ድሪፍት አታስተምርም፤ የምታስተምር የሚመስላቸው ደግሞ ሰው ሊገድሉ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ስለ ፍሪክሽን ስንማር እንደማወራው ነው። አንድ ጎማ አስፋልት የሚይዝበት አቅም ውስን ነው፤ ያንኑ አቅም ለመግፋት፣ ለመጠምዘዝና ለመቆም ይከፋፈለዋል። ቪትዝ ላይ የፊት ሁለቱ ጎማዎች መኪናዋን ይጎትታሉ፣ አቅጣጫዋንም ይመራሉ። ኩርባ ላይ ነዳጅ ስትረግጥባት አፍንጫዋ ወደ ውጭ ይሸሻል እንጂ ጭራዋ አይወጣም። ታዲያ ልጆቹ ምን ያደርጋሉ? የእጅ ፍሬን ይስባሉ። የኋላው ጎማ ይቆለፋል፣ መኪናዋ ትዞራለች፣ ጓደኛ በስልክ ይቀርጻል፣ አለቀ። የተቆለፈ ጎማ ግን ሾፌሩን አይሰማም። የት ላይ እንደምትቆም የሚወስነው አስፋልቱ ነው።

ድሪፍት የኋላ ጎማዎች በሞተር ኃይል እየተፈተሉ ሲንሸራተቱ፣ መሪውን በተቃራኒው ይዘህ፣ በነዳጅ እየለካህ መኪናዋን በፈለግከው መስመር ማቆየት ነው። እውነት ነው፣ ድሪፍት የሚነዱትም የእጅ ፍሬን ይስባሉ። ለማስጀመር ብቻ ነው የሚስቡት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእግርና የመሪ ነው። የፊት ጎማ መኪና ላይ ያ «ከዚያ በኋላ» የሚባለው የለም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር የሚከብድ ታክስ ጫነ። ጥር 2016 ላይ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ። ስለዚህ ዛሬ የምትገዛት ቪትዝ እዚሁ አገር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር የቆየች ናት፤ በዞረች ቁጥር ደላላ ይጨምርባታል። 20 ዓመት ያለፋት፣ አራት ባለቤት የቀያየረች መኪና ሚሊዮን ብር ከተሻገረች ቆየ። እሷን ገዝተህ ማታ ማታ የእጅ ፍሬን ስትጎትትባት ጎማው በአንድ ቦታ ይላጣል፣ የኋላ ኩሽኔታው ይጮሃል፣ አንድ ቀን የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ስትመታ ደግሞ የኋላ ድልድዩ ይጣመማል። በማግስቱ ሥራ በምን ልትሄድ ነው? በታክሲ ሰልፍ! መኪናውን የገዛኸው ከዚያ ሰልፍ ለመውጣት አልነበረም እንዴ?

«ኤሌክትሪክ ግዛ» የሚልም አለ። ቻርጅ የምታደርግበት ግቢና ብሩ ካለህ ግዛ፣ ለሥራ አሪፍ ነው። እኔ የምጽፈው ብሩ ለሌለው ነው።

እንግዲህ ለሥራም ለመማርም አንድ መኪና ብቻ መግዛት የምትችል ከሆነ፣ የኔ መልስ አሮጌው ዲኤክስ ነው። ሳቁ። የቆርቆሮ ሳጥን ነው፣ ኤርባግ የለውም፣ ዳገት ላይ ያለቃቅሳል። ግን ከቪትዝ ያነሰ ብር ይጠይቃል፣ ባለ ካርቡራቶር ሞተሩን ሰፈር ያለ መካኒክ ያለ ኮምፒዩተር ይከፍተዋል፣ መለዋወጫውም ሶማሌ ተራ ይገኛል። ዋናው ነገር ደግሞ የኋላ ጎማ መኪና ነው።

እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፤ «ዲኤክስ» እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ የኋላ ጎማ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ኮሮላ የኋላ ጎማ ነው። በ1983 ቅርጹ ሲቀየር ባለ አራት በሩ ወደ ፊት ጎማ ዞረ። የኋላውን ይዘው የቀሩት እንደ ኤኢ86 ያሉት ባለ ሁለት በር ዓይነቶች ናቸው፤ የድሪፍት ልጆች ስሟን ሲሰሙ የሚያብዱላት ያቺው። ደላላው «ያው ነው» ይልሃል። ያው አይደለም! ኮፈኑን ክፈት፤ ሞተሩ ከፊት ወደ ኋላ ተዘርግቶ ከተቀመጠ የኋላ ነው፣ በጎን ተጋድሞ ከተቀመጠ የፊት ነው። ካላመንክ ጎንበስ በልና ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፍረንሻል የሚሄደውን ረጅም ዘንግ ፈልግ። ዘንግ ከሌለ ወደ ቤትህ ሂድ።

ላዳም የኋላ ነው። የጣሊያኑ ፊያት 124 ልጅ ነው፣ አጥንቱ ጠንካራ ነው። ችግሩ እኛ አገር ያለው ላዳ አብዛኛው ዕድሜውን በታክሲነት የጨረሰ መሆኑ ነው። ወለሉ ያልተበላ ካገኘህ አትለፈው፤ ኮድ 1 የነበረ ከሆነ ግን ብር ከመክፈልህ በፊት የወረቀቱን ጉዳይ ጨርስ።

አሁን ደግሞ ከሌላኛው ወገን ልጣላ። ዲኤክሱን ገዝቶ በሳምንቱ ዲፍረንሻሉን በብየዳ የሚቆልፍ አለ። ምክንያቱ ይገባኛል። ዲፍረንሻሉ ክፍት ሲሆን አንዱ የኋላ ጎማ ብቻ ይፈተልና ሌላው ቆሞ ያያል። ስትበይደው ሁለቱም እኩል ይዞራሉ፣ መንሸራተት ይቀላል። ግን ይህ መኪና ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አንተን ሥራ ማድረስ አለበት። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል፤ ዲፍረንሻል የተፈጠረውም ለዚህ ነው። የተበየደው በየማዞሪያው ጎማ ይፍቃል፣ ዘንግ ላይ ጫና ያበዛል፣ ዝናብ ላይ ሳታስበው ጭራው ያመልጥሃል። ጎማ ዛሬ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ። የድሪፍት መኪና እና የሥራ መኪና አንድ ላይ የሚኖሩት መኪናው እንደተሠራ ከተተወ ብቻ ነው።

«እንደተሠራ ከተተወማ አይንሸራተትም» ትለኛለህ። ደረቅ አስፋልት ላይ አዎ፣ 80 ፈረስ ጉልበት የማይሞላ ሞተር ጎማ አያስለቅቅም። ይሄ እንዲያውም ጥቅም ነው። ባለቤቱን ያስፈቀድክበት፣ የታጠረ፣ ሰውም ከብትም የማያልፍበት የጠጠር ወይም እርጥብ የአፈር ሜዳ ላይ ግን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሰው በሚሮጥበት ፍጥነት ጭራው ይወጣል። በዚያ ፍጥነት ስትሳሳት የምታጣው አቧራ የጠጣ ሸሚዝ ነው። አንድ ክብ መሥራት፣ ቀጥሎ ክቡን ማስፋት፣ ቀጥሎ ስምንት ቁጥር። እኔ ስምንት ቁጥሯን ለመጨረስ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶብኛል፣ ከሜዳው ወጥቼም በዚያው መኪና ሥራ ገብቻለሁ። ቪዲዮ ላይ ግን አያምርም። ጭስ የለውም፣ ጎማ አይጮህም፣ ላይክ የለውም። ለዚህ ነው ማንም የማይመክርህ።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ የአስፋልቱ ነገር ነው። የሠርግ አጀብ ላይ፣ ምረቃ ላይ፣ ሌሊት ሌሊት ቀለበት መንገድ ላይ። «ቦታ ስጡንና አስፋልቱን እንተዋለን» የሚል ክርክር እሰማለሁ። ኳስ ሜዳ ያጣ ልጅ መንገድ ላይ ይጫወታል ይሉኛል። ይጫወታል፤ ኳስ ግን ግማሽ ኪሎ አይሞላም፣ ቪትዝ ከ800 ኪሎ ያልፋል። ጠርዙ ላይ በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ ቦታ አልከለከለችህም። አንተ ልትዝናና እሷ ለምን ትሞታለች?

ሳዑዲ የሠሩ ወንድሞቻችን ተፍሒጥን ያውቁታል። በፊት ጎማ የቤት መኪና፣ አውራ ጎዳና ላይ፣ ሕዝብ በግራና በቀኝ ቆሞ። ስንት ወጣት እንደበላ እነሱ ይንገሯችሁ። መንግሥቱም በመጨረሻ ለመጀመሪያ ጥፋት 20,000 ሪያል ቅጣትና መኪና መያዝ ደነገገበት። ጃፓኖችም የጀመሩት በተራራ መንገድ ላይ ነው፤ ግን ወደ ውድድር ሜዳ አስገቡትና ዳኛ፣ ነጥብና ሕግ ሰጡት። እነ ኬይቺ ሱቺያን ዓለም ያወቃቸው በዚያ መንገድ ነው። ከተሞቻችን ለኳስ ሜዳ እንደሚከልሉት ሁሉ ለሞተር ስፖርትም አንድ የታጠረ ቦታ ቢከልሉ እኔ የመጀመሪያው አመስጋኝ ነኝ፤ ማመልከቻም ከተጻፈ እፈርማለሁ። እስከዚያ ግን አስፋልቱን ልቀቁ።

ልትገዙ የተዘጋጃችሁ፣ ያላችሁን ብር በሙሉ መኪናው ላይ አትጨርሱት። ቢያንስ ሩቡን አስቀሩ። የመጀመሪያው ወጪ ፍሬን ነው፣ ሁለተኛው ጎማ፣ ሦስተኛው የመሪ ጫፎች። ቸርኬና ሙዚቃ ስለሚቀጥለው ዓመት አስቡበት። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር ራሳችሁ አስተያዩ፣ ምንጣፉን አንሥታችሁ ወለሉን በቁልፍ ጫፍ ቆርቁሩት።

ልታዩ ስትሄዱ ደግሞ ባለቤቱ ቀድሞ እንዳያሞቀው በስልክ ንገሩት። ጠዋት በብርዱ ሲነሳ የሚያጨሰውን ጭስ ቀለሙን አይታችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ ከዚያ ስለ ዋጋው እናወራለን።