በእግር ማጠቢያው ሰዓት ዜማ ይኑር

ግልጽ ደብዳቤ ለምሥራቅ ወለጋ ዞን ጤና ጽሕፈት ቤት



ከአንገር ጉቲን ነው የምጽፍላችሁ፤ ጉዳዬ የዝሆኔ ሕሙማን ናቸው። በባዶ እግራቸው ቀዩን አፈር ሲረግጡ ኖረው እግራቸው ያበጠባቸው ገበሬዎችና እናቶች።

ሕክምናውን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፦ በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ መድኃኒት ጠብ ባለበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ። ከዓባይ ማዶ፣ በምሥራቅ ጎጃም፣ በ696 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ይህ እንክብካቤ የትኩሳትና የሕመም ግርሻን እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ሕመሙ ግን እግር ላይ አይቆምም። በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት፣ ከሕሙማኑ ከመቶ 12.6ቱ ከፍ ያለ የድባቴ ምልክት ሲታይባቸው፣ ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ግን ከመቶ 0.7ቱ ብቻ እንደሆኑ አግኝቷል።

በጤና ጣቢያ ተራ የምትጠብቅ ሴት ተመልከቱ። እግሯን በቀሚሷ ጫፍ ሸፍና በሩን ታያለች፤ የሚያውቃት ሰው እንዳይገባ። ሳፋው ሲቀርብላት ውኃውን ሳይሆን የአጠገቧን ሰዎች ፊት ታያለች፣ አፍንጫቸውን ይዘው እንደሆነ። እግሯ እስኪርስ ድረስ ሥራ የላትም፤ ጭንቀቷ ግን ይሠራል።

የምለምናችሁ ያንን ሰዓት በዜማ እንድትሞሉላት ነው። ዜማ እብጠት አያጎድልም፣ ሳሙናንም አይተካም። ጭንቀትን ግን ሊያረግብ ይችላል፦ ቀዶ ሕክምና በሚጠብቁ ከ2,000 በላይ ሰዎች ላይ የተደረጉ 26 ሙከራዎችን የመረመረው እ.ኤ.አ. የ2013ቱ የኮክሬን የሕክምና ጥናቶች ግምገማ ይህንኑ ይላል። በሕክምና ሰዓት ስለ ማዳመጥም፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት፣ ለሶሪያሲስ የቆዳ በሽታ የብርሃን ሕክምና ከሚወስዱ 37 ሰዎች መካከል በካሴት የተመስጦ መመሪያ ያዳመጡት ቆዳቸው ቶሎ እንደጠራ አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ለመሞከር ግን ይበቃል።

መሣሪያው አያስቸግርም፤ ሜሞሪ ካርድ የሚቀበል ማጫወቻና የጆሮ ማዳመጫ ነው። ከባዱ ምርጫው ነው። እዚህ አማርኛና ኦሮምኛ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። አንዷ በዐቢይ ጾም ከበገና ሌላ አትሰማም፤ ጎረቤቷ የኦሮምኛ መዝሙር ትፈልጋለች፤ ሌላው መንዙማ፣ ሌላው ማሲንቆ። ስለዚህ ከነቀምቴው ጽሕፈት ቤታችሁ ተመርጦ አይላክልን፤ እያንዳንዱ ይጠየቅ። ትኩሳት የተነሣበትና ዝምታ የሚሻም ዝምታው ይጠበቅለት።

በአንድ ጤና ጣቢያ ጀምሩት። የጤና ባለሙያው ሕሙማኑን ከመታጠባቸው በፊትና በኋላ ስለ ጭንቀታቸው ይጠይቃቸው፣ መልሱንም ይመዝግብ። ዜማውን ከየሰፈሩ የሚሰበስቡ ወጣቶች አሉን፤ ከእናንተ የምንጠብቀው ፈቃዱንና ባለሙያውን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንገር ጉቲን ነዋሪ