ባለሦስት እግርና ባለአራት እግር ተሽከርካሪ በወላይታ የገጠር መንገድ

በወላይታ ሶዶ ከተማ ሰውንም ቀለል ያለ ዕቃንም በማመላለስ ረገድ ባለሦስት እግሩ ባጃጅ ታላቅ ሥራ ይዟል። ባለሱቁ ስኳሩን፥ ሳሙናውንና ዘይቱን ከጅምላ ሻጩ መጋዘን በእርሱ አስጭኖ ከመደብሩ ደጃፍ ያስወርዳል። ነገር ግን ከከተማው ወጥቶ በየገጠሩ ገበያ ለሚነግደው ሰው ምን ዐይነት ተሽከርካሪ ይስማማዋል የሚል ጥያቄ ሲነሣ፥ «ባለሦስት እግሩ ርካሽ ነው፤ ደግሞም የትም ይገባል» የሚል መልስ ቶሎ ይሰጣል። የዚህ መልስ የመጀመሪያው ክፍል እውነት ነው። ሁለተኛው ግን ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ምርመራውም ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት እንጂ ጭነቱ ገደል ከገባ በኋላ ሊሆን አይገባውም።

ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ጉዳዩ ከእርሷ ወደ ቦዲቲና ሻሸመኔ፥ ወደ አረካና ሆሳዕና፥ ወደ ሁምቦና አርባ ምንጭ የሚወስዱትን ዋና መንገዶች የሚመለከት አይደለም፤ ከእነርሱ ተገንጥለው ወደ ቀበሌዎች የሚገቡትን የአፈር መንገዶች ነው እንጂ። የወላይታ ሕዝብ ተጠጋግቶ የሰፈረ፥ ገበሬውም በአነስተኛ ማሳ እንሰት፥ ስኳር ድንች፥ ቦሎቄ፥ ቡናና ዝንጅብል የሚያመርት ስለ ሆነ፥ ለገበያ የሚወጣው ምርት ከብዙ ደጃፍ በጥቂት በጥቂቱ የሚሰበሰብ ነው። ትልቁ የጭነት መኪና ለአምስት ኩንታል ብሎ እዚያ አይገባም፤ ቢገባም ኪራዩ ትርፉን ይበላዋል። ስለዚህ ለላኪውም ሆነ ለባለሱቁ የትንሹ ተሽከርካሪ ነገር ዋና ጉዳይ መሆኑ አያጠራጥርም።

እነዚህ መንገዶች በበልግና በክረምት ዝናም ሲርሱ ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና ይሟልጫል። የጭነት መኪና ባለፈበት ቦታ ሁለት ቦይ ይሠራል፤ በመካከሉም ጉብታ ይቀራል። ባለአራት እግሩ የጎማዎቹ ርቀት ከቦዩ ጋር የተስማማ እንደ ሆነ የፊቱ ጎማ በሄደበት የኋላው ይከተላል። ባለሦስት እግሩ ግን ለራሱ ሦስት መንገድ ይፈልጋል። የኋላ ጎማዎቹ በቦዩ ሲሄዱ የፊቱ በጉብታው ላይ ይንሸራተታል፤ የፊቱ ወደ ቦዩ ሲገባ ከኋለኞቹ አንዱ ጉብታው ላይ ይወጣና ተሽከርካሪው በጎኑ ያዘነብላል። የባጃጁ ቸርኬ 8 ኢንች ብቻ ስለ ሆነም፥ ትልቅ ጎማ ሳይሰማው የሚያልፈው ጉድጓድ ለእርሱ ዕንቅፋት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመገልበጥ ነገር ነው። ባለአራት እግሩ መሬት ላይ የሚቆመው በአራት ማዕዘን ሲሆን ባለሦስት እግሩ በሦስት ማዕዘን ነው። ለምሳሌ ያህል የኋላ ጎማዎቹ በ1 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር የተራራቁ፥ ከእነርሱም እስከ ፊቱ ጎማ ድረስ 2 ሜትር ነው እንበል። የክብደቱ ማዕከል በትክክል በኋላው አክስል ላይ ሲያርፍ የሚደገፍበት ስፋት ያው 1 ሜትር ከ20 ነው። ማዕከሉ 50 ሳንቲሜትር ወደ ፊት ሲመጣ ግን ስፋቱ ወደ 90 ሳንቲሜትር ይወርዳል፤ 1 ሜትር ወደ ፊት ሲመጣ 60 ሳንቲሜትር ብቻ ይቀራል። ባለአራት እግሩ የፊትና የኋላ ጎማዎቹ እኩል የተራራቁ ከሆኑ፥ ጭነቱ ወዴትም ቢዛወር ስፋቱ አይጐድልበትም።

እንግዲያውስ ጭነቱን ወደ ኋላ መግፋት ነው የሚል አይታጣም። በሜዳ ላይ ልክ ነው። ዳገት ሲወጣ ግን ክብደቱ በራሱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ የፊቱ ጎማ ይቀላል፤ ነጂው መሪውን ቢያዞርም ተሽከርካሪው እንደ ልቡ አይዞርለትም። ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በጥምዝ ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ጠባቡ ጫፍ ይሄዳል፤ ባለሦስት እግሩ ለመውደቅ የሚቀርበውም ያን ጊዜ ነው። ማዳበሪያ ወይም ሲሚንቶ ዝቅ ብሎ ስለሚጫን ጕዳቱ ያነሰ ነው፤ እስከ ጣራ የተከመረ የስኳር ድንች ጆንያ ግን ሌላ ነገር ነው።

ነገሩ በሌላ አገር ተፈትኖ የታየ ነው። የጃፓኑ ሆንዳ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ለአሸዋና ለጭቃ የሚሆን፥ ጎማው እንደ ፊኛ የለሰለሰ ባለሦስት እግር ሞተር ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ። ገበያው ደራ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሱዙኪ ባለአራት እግሩን አወጣ። በዚህ መካከል በአደጋው የሚሞተውና የሚቈስለው ሰው፥ ከእነርሱም ውስጥ ብዙ ልጆች፥ ስለ በዛ በ1988 አምራቾቹ ከመንግሥት ጋር ተዋውለው አዲስ ባለሦስት እግር መሸጡን አቆሙ፤ በ2008 ደግሞ በሕግ ተከለከለ። የአሜሪካው ሞተርና የሶዶው ባጃጅ አንድ ናቸው ማለት ስሕተት ይሆናል። ያኛው እንደ ፈረስ የሚጋለብ ነው፤ ባጃጁ ዲፈረንሻል ያለው፥ ነጂውም ዝቅ ብሎ የሚቀመጥበት ነው። ባለአራት እግሩም ቢሆን ከአደጋ ነጻ አይደለም። የሦስት ማዕዘኑ ነገር ግን የሁለቱም ዕጣ ነው።

ባጃጁ ራሱ ለዳገት የታሰበ አልነበረም። አባቱ የኢጣሊያው ፒያጆ ኩባንያ በ1948 ያወጣው «አፔ»፥ ማለት ንብ፥ የተባለው ባለሦስት እግር ነው፤ ይኸውም ከጦርነቱ በኋላ መኪና ለመግዛት ዐቅም ላነሰው የከተማ ነጋዴ የተበጀ ነው። ስሙ ለሥራው ተስማሚ ነበር። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያም ቢሆን በ2012 በኋላ «ኪዩት» ያለውን ትንሽ ባለአራት እግር ለሕዝብ ማሳየቱ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ለባለሦስት እግሩ ሊነገርለት የሚገባው ምስጋና ግን አለ። ጭቃ ሲይዘው ጥቂት ሰዎች ተጋግዘው ያወጡታል። ሰው በሞላበት ገበያ መካከል በጠባብ ቦታ ይዞራል። ጎማው አንድ ያነሰ ነው፤ መለዋወጫውም በሶዶ ሱቆች በቀላሉ ይገኛል፤ ሞተሩን ፈትቶ የሚገጥም ወጣት በየጋራዡ አለ። ባለአራት እግሩን ያመጣ አስመጪ መለዋወጫውን አብሮ ካላመጣ ግን፥ ተሽከርካሪው አንድ ቡሽ ሲበላበት ለሳምንታት የዶሮ ማደሪያ ይሆናል። ስለዚህ በከተማ አስፋልትና በድንጋይ ንጣፍ ላይ ለሚሠራ ነጋዴ ባለሦስት እግሩን ትቶ ወደ ባለአራት እግር መሄድ ያለ ምክንያት ገንዘብ መጨመር ነው። በዳገቱ ቀበሌ ለሚነግደው ግን የዋጋው ልዩነት ከአንድ ጊዜ አደጋ ጋር መመዛዘን አለበት።

ጉዳዩን ዛሬ አጣዳፊ ያደረገው የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ መምጣት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከወሰነ ወዲህ የአስመጪው ዐይን ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገም፥ ተሳስቶ ያዘዘ አስመጪ የሚከፍለው ብር ቀድሞ ከነበረው እጅግ ይበልጣል። የኤሌክትሪኩ ባለሦስት እግር ባትሪው ዝቅ ብሎ የተገጠመ ከሆነ ለመገልበጥ ያስቸግራል፤ ይህ በጎ ነው። ነገር ግን ባትሪው ከባድ ነው፤ በተለይ የእርሳስ አሲዱ። ረጅም ዳገትም ባትሪውን ቶሎ ያሟጥጠዋል። ሻጩ በወረቀት የጻፈው ርቀት ሜዳ ላይ የተለካ ሊሆን ይችላል፤ ገዢው ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

ስለዚህ የንግድ ምክር ቤት አባሎች የሆኑ አስመጪዎች በብዛት ከማዘዛቸው በፊት ከየዐይነቱ አንድ አንድ አስመጥተው በአንድነት ቢፈትኑ መልካም ነው። ፈተናውም በሐምሌ፥ ዝናም በዘነበ ማግስት፥ ወደ ዳሞታ በሚያወጣው የአፈር መንገድ ይሁን። ሻጩ ይሸከማል ያለው ክብደት በሚዛን ተለክቶ፥ ግማሹ ዝቅ ብሎ ግማሹ ተከምሮ ይጫን። ተሽከርካሪው ዳገቱን ይውጣ፥ በመካከል ቆሞ እንደ ገና ይነሣ፥ በጠባቡ ቦታ ይዙር፥ ፍሬን እየያዘ ይውረድ፤ የወሰደው ጊዜና የባትሪው ጕድለት ይመዝገብ። ወጪው ለብዙ ሰው ሲካፈል ቀላል ነው። ባለሱቆችም መጥተው በዐይናቸው ይዩ፤ ነጂዎቹም ከከተማው ባጃጅ ነጂዎች መካከል ይመረጡ እንጂ ሻጩ የላካቸው አይሁኑ።