ከቦሌ ለዋሽንግተን ይከፈላል፤ ከዋሽንግተን ለቦሌስ?

ወገን፣ ስለ ግብር ልጽፍ ነውና አትሽሹ። ሀገሬን እወዳለሁ ማለት በደረሰኝ የሚረጋገጥበት ቦታ ካለ እሱ ግብር ነው።

ከአሜሪካ እንጀምር። አሜሪካ ዜጋዋን የትም ይኑር የት ግብር ትጠይቀዋለች። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ወገናችን ጠቅልሎ ገብቶ ቦሌ ቢኖርም ገቢው ከተወሰነ መጠን ካለፈ በየዓመቱ ለዋሽንግተን ማሳወቅ አለበት። መደበኛው የመጨረሻ ቀን በፈረንጆቹ ኤፕሪል 15 ነው፤ ውጭ ለሚኖር ሰው ግን ሳይጠይቅ እስከ ጁን 15 ይራዘምለታል፣ ወለዱ ከኤፕሪል ጀምሮ ቢቆጥርም። መስፈርቱን ካሟላ በፈረንጆቹ 2024 ውጭ ሀገር ሠርቶ ካገኘው ውስጥ እስከ 126,500 ዶላር ድረስ ከግብር ነፃ ማድረግ ይችላል፤ ቅጹን መሙላት ግን አይቀርለትም። ይሄን ሁሉ የሚጨርሰው የት ነው? ሳሎኑ ቁጭ ብሎ፣ ቡናው እየተፈላ። ቅጹ በኢንተርኔት ይሄዳል፣ ገንዘቡ አሜሪካ ካለው የባንክ ሒሳቡ ይቆረጣል፣ አለቀ። ኤምባሲ በር ላይ መቆም የለም።

አሁን ነገሩን ገልብጡት። ሜሪላንድ የሚኖር፣ አዲስ አበባ ቤት ሠርቶ ያከራየ ወገን አለ እንበል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ኢትዮጵያ ውስጥ ነዋሪ ያልሆነ ሰውም ከኢትዮጵያ ምንጭ ባገኘው ገቢ ላይ ግብር እንዲከፍል ያስገድዳል። ቤቱ እዚህ ነው፣ ተከራዩ እዚህ ነው፣ ስለዚህ ግብሩም እዚሁ ነው፤ እንደ ገቢው መጠን እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። እስኪ እንዴት አድርጎ ይክፈል?

በወሬ ደረጃ ሁሉም ነገር አለን። ገቢዎች ሚኒስቴር የኢንተርኔት ማሳወቂያ አለው፣ ቴሌብር አለ፣ ባንኮቹ መተግበሪያ አላቸው። በተግባር ያየሁትን ልንገራችሁ። ተመርቄ ሥራ ካጣሁ ወዲህ ከማገኛት ሳንቲም አንዷ የምትመጣው ውጭ ላሉ ሰዎች ጉዳይ በማስፈጸም ነው። ውክልናው ኤምባሲ ይረጋገጣል፣ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ይሄዳል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ። ሐምሌ ሲገባ ወረቀቴን አቅፌ ሰልፍ እይዛለሁ። አንድ ቀን ማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው ባለቤቷ ከሀገር ስትወጣ በተዘጋ ስልክ ሆኖ ተገኘ። ስልኩን ቀይሩልኝ ብል "ባለቤቷ በአካል ትቅረብ" ተባልኩ። በአካል! እኮ ለመክፈል ነው የመጣነው፣ ለመቀበል አይደለም።

ሰው እንዲህ ሲደረግ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ይተወዋል፣ አንዳንዱ ውሉ ላይ ኪራዩን አሳንሶ ያጽፋል፣ አንዳንዱ ለደላላ ይሰጥና "አንተ ጨርሰው" ይላል። የጎደለውን ማን ይሞላል? ደመወዙ እጁ ሳይገባ ግብሩ የሚቆረጥበት መምህርና ነርስ ነዋ! እነሱ ቀጠሮ የላቸውም፣ መደራደሪያም የላቸውም።

ዲያስፖራው ራሱም ይከስራል። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው የአዲስ አበባውን ኪራይ ለአሜሪካም የማሳወቅ ግዴታ አለበት። እዚህ የከፈለው የገቢ ግብር ግን በሕጉ ወሰን ውስጥ ከአሜሪካው ግብር ላይ ይቀነስለታል፤ ለዚያ ደግሞ መክፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለሀገርህ ያልከፈልከው ብር ኪስህ ውስጥ የሚቀር አይምሰልህ። ለጎጃም በረንዳ መንገድ ሊውል የሚችለው ገንዘብ ለዋሽንግተን ካዝና ሊሄድ ይችላል።

"ለዚህ መንግሥት አልከፍልም" የሚል ወገን እንዳለ አውቃለሁ። ቅሬታው የራሱ ነው፣ አልንቀውም። ግን ስጦታና ግብር ይለያያሉ። ስጦታ ደስ ሲልህ ትሰጣለህ፣ ሲከፋህ ትተዋለህ። ግብር ስትከፍል ግን የመጠየቅ መብት ትገዛለህ፤ ከፋይ ያልሆነ ሰው "ገንዘቤ የት ገባ?" ሲል ድምፁ ይሳሳል።

የጎረቤታችንም ነገር ትምህርት ነው። ኤርትራ ውጭ ባሉ ዜጎቿ ገቢ ላይ 2 በመቶ ትጥላለች። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በፈረንጆቹ 2011 በውሳኔ ቁጥር 2023 ግብሩን በማስፈራራት መሰብሰቧን እንድታቆም ወሰነ፤ ኔዘርላንድም በ2018 በዚሁ ጉዳይ የኤርትራን ጉዳይ ፈጻሚ አስወጣች። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልጠይቅም። አረብ ሀገር በሰው ቤት ስትለፋ የምትውል እህታችን ደመወዝ ላይ ማንም እጁን እንዳይጭን። የምለው እዚሁ ሀገር ውስጥ ስለተገኘ ገቢ ነው፤ የሚከፈለውም በግልጽ መንገድ፣ በደረሰኝ።

ደግሞ አይቻልም አትበሉን። በ2010 ዓ.ም ዲያስፖራው በቀን 1 ዶላር ያዋጣ ሲባል በኢንተርኔት መቀበያ ተዘጋጅቷል። ስጦታ ከባሕር ማዶ መቀበል የቻለ ሀገር ግብር መቀበል እንዴት ያቅተዋል? ይሄኛው እኮ ይቀላል፤ ዶላር አያስፈልገውም። ኪራዩ በብር እዚሁ ባንክ ገብቷል፣ ከዚያው ሒሳብ ወደ መንግሥት ሒሳብ ማዛወር ብቻ ነው።

የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ውጭ ያለ ሰው ማንነቱን ባለበት ሀገር ኤምባሲ አንዴ አረጋግጦ የውጭ ስልኩንና ኢሜይሉን ያስመዝግብ፤ ማረጋገጫ ቁጥሩ ለእሱ ይላክ እንጂ ለእኔ አይላክ። ሁለተኛ፣ አንድ በር ይኑር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በክልል ካለ የግል ቤት የሚገኝ ገቢ ግብር የክልሉ ነው፤ ባሕር ዳር ቤት ያለው ለባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ያለው ለሐዋሳ ይክፈል፣ ግን መግቢያው አንድ ይሁን፣ ብሩን ሲስተሙ ያከፋፍለው። ሦስተኛ፣ ደረሰኙ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በሁለቱም የቀን አቆጣጠር ይታተም። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ የአሜሪካው ግብር ከፋይ ደግሞ በአብዛኛው ከጃንዋሪ 1 ነው የሚቆጥረው።

ይሄ ሲሆን የእኔ የሐምሌ እንጀራ ይቀራል። ይቅር! አራት ዓመት የተማርኩት በሰው ውክልና ሰልፍ ለመቆም አይደለም። ይልቅ ያንን ሲስተም የሚሠራ፣ የሚጠግን፣ ስልክ አንስቶ ለሜሪላንዱ ሰው በትሕትና የሚያስረዳ ወጣት ቅጠሩ፤ ሰፈሩ በተመረቀ ልጅ ተሞልቷል።

ውጭ ያላችሁ ወገኖች፣ ዘንድሮ ወኪላችሁን "ጨረስከው?" ብቻ አትበሉት። ደረሰኙን በስማችሁ አሳየኝ በሉት። ቢሮ ያላችሁ ደግሞ፣ ሊከፍል የመጣን ሰው አትመልሱ።

ኢትዮጵያ በልጆቿ ትቁም!