የሆሎግራም መስተዋትና የአቃቂ ወንዝ

ከጓደኞቻችን መካከል አንዳንዶቹ በአቃቂና በቃሊቲ በተከራዩአቸው ክፍሎች የሆሎግራም መስተዋት በእጃቸው ለመሥራት መነሣታቸውን ሰምተናል። ሐሳቡን ከልብ እንደግፋለን። ስለ ሥራው ቦታና ስለ ዝቃጩ ግን ዝም ብለን ልናልፍ አንችልም።

ሆሎግራም ምንድር ነው ለሚሉን በአጭሩ እንመልስ። ተራ ፎቶግራፍ የሚይዘው የብርሃንን ብዛትና ማነስ ብቻ ነው። ሆሎግራም ግን ከዕቃው ተመልሶ የመጣው ብርሃንና በቀጥታ የደረሰው ብርሃን ሲገናኙ የሚፈጥሩትን እጅግ ረቂቅ መስመር ይይዛል፤ ስለዚህ ተመልካቹ ራሱን ዘንበል ሲያደርግ የዕቃውን ጎን ጭምር ያያል። ሐሳቡን ዴኒስ ጋቦር በ1947 እ.ኤ.አ. አፈለቀ፤ የኖቤል ሽልማት የተቀበለበት ግን ከ24 ዓመት በኋላ በ1971 ነው። በመካከሉ በ1960 ሌዘር ተሠራ፤ በ1962ም የሶቪየቱ ሊቅ ዩሪ ዴኒስዩክ በአንድ ጨረር ብቻ ተሠርቶ በተራ አምፖል ወይም በፀሐይ የሚታየውን ዐይነት አስታወቀ። በቤቱ ለሚሠራ ሰው የሚመቸው ይኸኛው ነው።

መስተዋቱን ለምን በእጅ እንሠራለን? አንደኛ፣ የተዘጋጀው ውድ ነው፤ እንደ አግፋ ያለው ትልቅ ድርጅት እንኳ በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የሆሎግራም ሠሌዳ መሥራቱን አቁሟል። ሁለተኛ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅም። በመስተዋቱ ላይ የሚቀባው ጄላቲን ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ ነገር ነው። የፍየል ቆዳ ወጥረውና ፍቀው ብራና ያወጡ አባቶች ልጆች በጄላቲን ሊደነግጡ አይገባም።

አሠራሩም ትዕግሥትን እንጂ ሀብትን አይጠይቅም። ሞቅ ባለ ጄላቲን ውስጥ አሞኒየም ዳይክሮሜት ይሟሟል፤ በንጹሕ መስተዋት ላይ በስሱ ተቀብቶ በጨለማ ይደርቃል፤ በአረንጓዴ ወይም በሰማያዊ ሌዘር ይመታል፤ በውሃና በአልኮል ታጥቦ በሙቅ አየር ይደርቃል። ጭንቁ ንቅናቄ ነው። ብርሃኑ በሚመታበት ጊዜ ዕቃው ከአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺኛ ያህል እንኳ ቢነቃነቅ ሥዕሉ ይጠፋል። በደብረ ዘይት መንገድ ከባድ መኪና ሲያልፍ የቤቱ ቆርቆሮ የሚንቀጠቀጥበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ በአሸዋ የተሞላ ሣጥን በመኪና ጎማ ከመነዳሪ ላይ አስቀምጦ፣ መንገዱ ጸጥ ሲል በሌሊት መሥራት ነው። የሌዘሩን ጨረር ግን ማንም በዓይኑ እንዳይመለከት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ዳይክሮሜት ክሮም ስድስት የተባለው መርዝ ነው። ቆዳን ያቆስላል፤ ብናኙ ወደ ሳምባ ሲገባ ካንሰር ያመጣል። ይህን ነገር ሽሮ በሚሠራበት ክፍል፣ በዚያው ድስትና በዚያው ማንኪያ ማማሰል ድፍረት እንጂ ሳይንስ አይባልም። የታጠበበትንም ውሃ በግቢው ቦይ መድፋት ወደ አቃቂ ወንዝ መላክ ነው። ትንሹ አቃቂ የቆዳ ፋብሪካዎችን ክሮም ሲሸከም እንደ ኖረ፣ በዚያም ውሃ ጎመንና ቆስጣ እየለማ ለከተማው ገበያ እንደሚቀርብ የማያውቅ የለም። ፋብሪካዎቹ በብዛት የሚያለፉበት ክሮም ሦስት እንኳ ይህን ያህል ካሳሰበን፣ ከእርሱ የከፋውን እኛው በገዛ እጃችን እንዴት እንጨምራለን? የእኛ በግራም የሚቆጠር ነው የሚል መልስ አይበቃም። ጥቂት ነው ብሎ መጀመር ፋብሪካውንም ያደረሰው እዚያው ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። ከተከራየናቸው ቤቶች ይልቅ አየር እንደ ልብ የሚገባበት አንድ የጋራ ጨለማ ክፍል ይዘጋጅ። ጓንትና የዓይን መከላከያ የሌለው ሰው ዳይክሮሜት አይንካ። ዝቃጩ ሁሉ በአንድ ዕቃ ተጠራቅሞ፣ በኬሚስትሪ መምህር ተቆጣጣሪነት፣ አሲድ ባለበት በሶዲየም ባይሰልፋይት ከብርቱካንነት ወደ አረንጓዴነት ይለወጥ፤ ቀጥሎም በኖራ ይዝቀጥና ደለሉ ተለይቶ ይቀመጥ።

ብርሃንን በመስተዋት ላይ ለመያዝ የተነሡ ወንድሞችና እኅቶች ጥቂት ግራም መርዝ በዕቃ ውስጥ መያዝ አያቅታቸውም። የመጀመሪያው መስተዋት ከመቀባቱ በፊት የዝቃጩ ዕቃ ይቅደም እንላለን።